ጤና ጣቢያ የሰጠኝን ኪኒን ልዋጥ ወይስ እህቴ የላከችልኝን?

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የሦስት ዓመት ልጅም አለችኝ። ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ጤና ጣቢያ የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሰጡኝ። ግን ያቅለሸልሸኛል፣ ሰገራዬም ጠቆረ። እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ «ይሄ ይሻልሻል» ብላ የነፍሰ ጡር መልቲቫይታሚን፣ ካልሲየምና ለፀጉሬ ባዮቲን ላከችልኝ። ሁሉንም አብሬ ልዋጥ? ቡናስ ላቁም? ጾሙም እየደረሰ ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ «ጤፍ ለሚበላ ሰው ብረት አያስፈልገውም» ይላል፣ ሌላዋ «አብሽ ጠጪ» ትላለች። የቱን ልመን?

ምላሽ፦

በሰላም ይገላግልዎ። በቅድሚያ የሚያስቸኩለውን ልመልስ። የጤና ጣቢያውን ኪኒን አያቁሙ። የእህትዎን መልቲቫይታሚን በላዩ ደርበው በየቀኑ አይውሰዱ፤ ጠርሙሱን ይዘው ሄደው ለአዋላጅ ነርሷ ያሳዩ። ካልሲየሙ ሊጠቅምዎ ይችላል፣ ነገር ግን ሰዓቱ ከብረቱ መራቅ አለበት። ባዮቲኑን ግን እስኪወልዱ ያስቀምጡት። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎ፤ ምክንያቱን ካወቁ ነገ ሌላ ጠርሙስ ሲመጣ ራስዎ መለየት ይችላሉ።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኪኒን በነጻ ስለሚታደልና ማሸጊያው ስለማያምር ብዙ እናቶች ይንቁታል። ይህ በጣም የሚያሳዝን ነው፤ ለእርስዎ ከመጡት ሁሉ ዋናው እሱ ነውና። በአንዱ ፍሬ ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይመክራል፤ የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ በስፋት በሚታይበት አካባቢ ደግሞ 60ውን ያስቀድማል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የነፍሰ ጡር መልቲቫይታሚን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 27 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ የዚያ አገር የቀን መጠን በዚያ ልክ ስለተወሰነ። ካራሜላ መስሎ የሚታኘከው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ጭራሽ ብረት የለውም፤ ብረት ጣዕሙን ስለሚያበላሽ አምራቾቹ ይተዉታል። አንዲት እናት በነጻ ያገኘችውን 60 ሚሊ ግራም ትታ፣ ብዙ ብር የወጣበትን ብረት የለሽ ካራሜላ ስታኝክ ልትከርም ትችላለች ማለት ነው።

ስለዚህ የጠርሙሱን ፊት ትተው ጀርባውን ያንብቡ። መጀመሪያ «ሰርቪንግ ሳይዝ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው መጠን የአንድ ፍሬ ላይሆን ይችላል፣ የሁለት ወይም የሦስት ፍሬ ድምር የሆነባቸው ብዙ ናቸው። ቀጥሎ «አይረን» የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ በአሜሪካ የሰፕልመንት ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር የንጹሕ ብረቱ ልክ ነው። ግራ የሚያጋባው ብቻውን የሚሸጠው የብረት ኪኒን ነው። ፊቱ ላይ «ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊ ግራም» ይላል፤ ይህ የውህዱ ክብደት ሲሆን ንጹሕ ብረቱ 65 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ፌረስ ፉማሬት 200 ሚሊ ግራም የሚለውም እንዲሁ 65 አካባቢ ይሰጣል። ፌረስ ግሉኮኔት 325 የሚለው ግን ከ40 በታች ነው። ሦስቱን በፊታቸው ቁጥር ያወዳደረ ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

አሁን እንደምር። ሁለቱን አብረው ቢውጡ ብረቱ 60 እና 27፣ ማለትም 87 ሚሊ ግራም ይሆናል። ፎሊክ አሲዱ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የአሜሪካ ጠርሙሶች 800 ማይክሮግራም ስለሚይዙ፣ ከ400ው ጋር 1,200 ይደርሳል። ሐኪም ሳያዝ ከፎሊክ አሲድ በቀን እንዳይታለፍ የተቀመጠው ጣሪያ 1,000 ማይክሮግራም ነው። ጣሪያው የተቀመጠው ፎሊክ አሲዱ ራሱ መርዝ ስለሆነ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያለበት ሰው ብዙ ፎሊክ አሲድ ሲወስድ የደም ምርመራው ይስተካከልና እጥረቱ ይደበቃል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ለሚጾም ሰው ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። አንድ ማስታወሻ፦ አዳዲሶቹ ጠርሙሶች «ዲኤፍኢ» በሚባል መለኪያ ስለሚጽፉ 1,360 የመሰለ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ፤ አጠገቡ በቅንፍ ያለው የፎሊክ አሲድ ቁጥር ነው የሚደመረው።

ማቅለሽለሹ ከብረቱ የሚመጣ የታወቀ ችግር ነው። ብዙ ሴቶች ኪኒኑን የሚያቆሙት በዚህ ነው፤ ግን መላ አለው። ብረት በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም በደንብ ይገባል፣ ጨጓራንም በደንብ ያስቸግራል። የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ማታ ሊተኙ ሲሉ ይውሰዱት፤ እንቅልፉ ማቅለሽለሹን ያሳልፍልዎታል፣ ከቡናና ከሻይም የራቀ ሰዓት ነው። ይህም ካልሆነ ከቁራሽ ዳቦ ጋር ይዋጡት፤ የሚገባው ብረት ትንሽ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ቀንሶ የገባ ብረት ካልተዋጠው ይሻላል። በወተት፣ በእርጎ ወይም በሻይ አይዋጥም፤ በውኃ ነው። ብርቱካን ጭማቂ ቢጠጡበት ክፋት የለውም፣ የኪኒኑን ጥቅም ግን እጥፍ ያደርገዋል ብለው አይጠብቁ። ቫይታሚን ሲ ጉልበቱ የሚታየው በምግብ ውስጥ ላለው ብረት ነው። ድርቀት ካመጣብዎ ውኃ፣ ጎመን፣ የበሰለ ፓፓያና አጥሚት የመሳሰለውን ያዘውትሩ፤ ካልለቀቀዎ ለአዋላጇ ይንገሩ።

የሰገራው መጥቆር ያልገባው ብረት በአንጀት በኩል ሲወጣ የሚያሳየው ቀለም ነው፤ አያስፈራም። የሚያስፈራው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ፣ ሽታው ከወትሮው የከፋ፣ ከማዞር ወይም ከሆድ ሕመም ጋር የመጣ ጥቁረት ነው። እሱ የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ይሂዱ።

ወደ ቡናው እንምጣ። በእኛ ቤት ቡና የሚፈላው ምሳ እንደተበላ ነው፤ ለብረት ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። በሰዎች ላይ በተደረገ ልኬት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከምግቡ የሚገባውን ብረት 40 በመቶ ያህል፣ ሻይ ደግሞ 60 በመቶ ያህል ቀንሶታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጣዩን ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ምግቡ ገና ጨጓራና አንጀት ውስጥ ስላለ ነው። እንግዲህ «ትንሽ ቆይቼ ጠጣሁ» ማለት አይበቃም። አቦሉን ከምሳ በፊት አንድ ሰዓት ቀደም አድርገው ያፍሉ፣ ወይም ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያቆዩት። ቁርስ ላይ ሻይ በዳቦ የለመዱ ከሆነም ሻዩን ወደ ረፋድ ይግፉት።

ቡናን ጨርሶ ማቆም የለብዎትም፤ መጠኑ ግን መገደብ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ የአውሮፓ ባለሙያዎች ጣሪያውን 200 ላይ አድርገውታል። የጀበና ቡና እንደ አቆላሉና እንደ ውፍረቱ ስለሚለያይ በሲኒ ቁርጥ ያለ ቁጥር መስጠት ይከብዳል። አቦሉን ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት ቢተዉ ግን ከጣሪያው በታች የመሆን ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ጤፍን በተመለከተ የተነገረዎት ግማሽ እውነት ነው። ጤፍ ብረት አለው፣ ከስንዴና ከሩዝ ይበልጣል። ነገር ግን በየሰንጠረዡ የሚታየው የጤፍ ብረት ቁጥር እጅግ የተራራቀ ነው፤ ምክንያቱ አውድማው ነው። እህሉ መሬት ላይ በከብት ሲበራይ የአፈር ብረት ይጣበቅበታል፤ ላቦራቶሪው ሁለቱን ደምሮ ይለካል፤ ሰውነት ግን ከአፈሩ ብረት የሚጠቀመው እምብዛም ነው። በዚህ ላይ ጤፍ እንደ ማንኛውም እህል ፋይቴት አለው፣ ፋይቴትም ብረትን አስሮ ይይዛል። እርሾ ጥሩ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል፣ የታሰረውም ብረት ይለቀቃል። ስለዚህ ከአፍለኛው ይልቅ በደንብ የቦካው እንጀራ ለእርስዎ ይሻላል። ከሽሮው ወይም ከምስሩ ጎን ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ካለ፣ ወይም ከምግቡ ጋር ዘይቱና ወይም ብርቱካን ከበሉ፣ ቫይታሚን ሲው የሚገባውን ብረት ከፍ ያደርገዋል። ዘይቱና በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ምግብ ብቻውን አይበቃም። አንድ እርግዝና በጠቅላላው 1 ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል፤ የእናት ደም ስለሚጨምር፣ ጽንሱና የእንግዴ ልጁ ስለሚወስዱ፣ በወሊድም ጊዜ ስለሚፈስ። ብዙ ሴት ወደ እርግዝና የምትገባው ከወር አበባና ካለፈው ወሊድ በኋላ ጎተራዋ ጎድሎ ነው። በነገራችን ላይ፣ አፈር ወይም በረዶ መብላት ካሰኘዎት አይፈሩበት፣ አይደብቁት፤ የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። አፈሩን ግን አይብሉ፤ ብረትን ይይዛል፣ የአንጀት ትልና እርሳስም ሊኖረው ይችላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሄሞግሎቢን ቁጥርዎን ይጠይቁ፣ ካርድዎ ላይም ይጻፍልዎ። ለነፍሰ ጡር ደም ማነስ የሚባለው እንደ እርግዝናው ወራት ከ11 ወይም ከ10.5 ግራም በታች ሲሆን ነው። ይህ ልክ ግን ለባሕር ጠረፍ ነዋሪ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ደሙን ያበዛል፣ ስለዚህም ከቁጥሩ ላይ 1.4 ግራም ያህል ተቀንሶ ነው መታየት ያለበት። 11.5 ተብሎ «ደህና ነው» የተባለ ደም፣ ከፍታው ሲታሰብ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ደም ማነስ ከተገኘ ብረቱ በቀን ወደ 120 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ወደ ሁለት ፍሬ ሊጨመር ይችላል፤ ይህን ግን በትእዛዝ እንጂ በራስዎ ውሳኔ አያድርጉት። ብረት አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይሻላል የሚል ምክርም ሰምተው ይሆናል። እሱ በአብዛኛው የተጠናው ባልጸነሱ ሴቶች ላይ ነው፤ ለነፍሰ ጡር በየቀኑ የሚለው አሁንም መመሪያው ነው።

ከመልቲቫይታሚኑ ጠርሙስ ጀርባ አንድ መስመር ሳያነቡ እንዳያልፉ፦ ቫይታሚን ኤ። ምንጩ ቤታ ካሮቲን ከሆነ ስጋት የለውም። «ሬቲኒል ፓልሚቴት» ወይም «ሬቲኒል አሴቴት» ከሆነ ግን በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም፣ በድሮው መለኪያ ከ10,000 አይዩ እንዳያልፍ፤ ከዚያ በላይ በተለይ በእርግዝናው መጀመሪያ ጽንሱን ሊያጎድል ይችላል። 100 ግራም የከብት ጉበት ብቻውን ወደ 5,000 ማይክሮግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ አለው። እንግዲህ ዱለትን ለብረቱ ብለው ደጋግመው እንዳይበሉ፤ ጥሬ መሆኑም ሌላ አደጋ ነው። በደንብ የበሰለ ቀይ ሥጋ ብረቱንም ይሰጣል፣ ከዚህ ሁሉ ስጋትም ነጻ ነው።

ካልሲየም፦ ወተትና እርጎ ብዙም በማይገኝበት አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ይመክራል፤ ዓላማውም ከደም ግፊት ጋር የሚመጣውን የእርግዝና ችግር መከላከል ነው። እዚህም ፊትና ጀርባው ይለያያል። 1,250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ንጹሕ ካልሲየሙ 500 ብቻ ነው። ሰውነት በአንዴ በደንብ የሚቀበለውም ከ500 ብዙ አይበልጥም፣ ስለዚህ ተከፋፍሎ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ብረትን ስለሚያስተጓጉል ካልሲየሙ ቀን ከምግብ ጋር፣ ብረቱ ማታ ሲተኙ ቢሆን ሰዓታቸው ራሱ ይለያቸዋል። የእንቅርት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም በአራት ሰዓት ይራቅ።

ባዮቲኑ ላይ 10,000 ማይክሮግራም ተጽፎ ይሆናል። በእርግዝና በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ነው፤ እሱንም ከምግብ ያገኙታል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ባዮቲን የታይሮይድንና የልብ ሕመምን ጨምሮ የተወሰኑ የደም ምርመራዎችን ውጤት ያሳስታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። በክትትል ላይ ያለች እናት የላቦራቶሪ ውጤቷ እንዲሳሳት አትፈልግም። ጀምረውት ከሆነ ያቁሙ፣ ለምርመራ ደም ከመስጠትዎ በፊትም ይንገሩ።

ስለ ጾሙ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንደምትፈታ ያውቃሉ፤ ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ልጹም ካሉ ግን ቫይታሚን ቢ12 በእህልና በአትክልት ውስጥ እንደሌለ ይወቁ። በጉበት ውስጥ የተከማቸው ለጤነኛ ሰው ረጅም ጊዜ ያስኬዳል፤ ጽንሱና በኋላም የጡት ወተትዎ ግን በየቀኑ ይፈልጉታል። የእህትዎ መልቲቫይታሚን ለዚህ ሊጠቅም ይችላል፤ አዋላጇ ሁለቱን እንዴት እንደምታስማማልዎ የሚወስነውም ይህ ነው። ቢ12 ከ2.6 እስከ 2.8 ማይክሮግራም ካለው ለዕለቱ በቂ ነው። እንክብሉ በጄላቲን የተሸፈነ ከሆነ ጄላቲኑ የከብት ወይም የአሳማ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙዎች የሚያውቁት ጾሙ ከተጀመረ በኋላ ነው።

አብሽ ምግብ ውስጥ እንደሚገባው ያህል ቢሆን ችግር የለውም። በእርግዝና ጊዜ እንደ መድኃኒት በየቀኑ እየበጠበጡ መጠጣት ግን አይመከርም። ለወተት ብለው ከወሊድ በኋላ ቢያስቡበትም በተለይ የስኳር በሽታ ካለብዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ስኳርን ይቀንሳል።

የቱን ልመን ላሉት፣ እኔ የምመለከታቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። የሚናገረው ሰው መጠኑን በሚሊ ግራም፣ ለማን እንደሆነና ከምን ጋር እንደማይሄድ ካልተናገረ ምክሩ አልተሟላም። የሚያወራውን ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ቦታ ሳያረጋግጡ አይቀበሉት። «በኤፍዲኤ የጸደቀ ቫይታሚን» የሚል ሻጭ ከሰሙ እሱን ይተዉት፤ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አሜሪካ ውስጥ ሰፕልመንት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት በመሥሪያ ቤቱ አይጸድቅም። «ዩኤስፒ» የሚል የማረጋገጫ ማኅተም ካለበት የተጻፈው መጠን በእርግጥ ውስጡ እንዳለ ይነግርዎታል፤ እንደሚጠቅምዎ ግን አይነግርዎትም። እንግሊዝኛ የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር ያለው የአመጋገብ ማሟያዎች ጽሕፈት ቤት ለእያንዳንዱ ቫይታሚንና ማዕድን የመረጃ ጽሑፍ፣ አንዱን ለሕዝብ አንዱን ለባለሙያ፣ በነጻ ያወጣል፤ ምንም አይሸጥም። እዚህ አገር የተሸጠ ነገር ሲያጠራጥርዎ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሰው ሻንጣ እንዳይከብደው ብሎ ከጠርሙሱ አውጥቶ በላስቲክ ያመጣውን ኪኒን ግን፣ ማንም ይላከው ማን፣ አይውጡት፤ መጠኑም የሚያበቃበት ጊዜም አይታወቅም።

የመጨረሻው ስለ ትንሿ ልጅዎ ነው፤ ዛሬውኑ ይፈጽሙት። የብረት ኪኒን ለእርስዎ መድኃኒት ነው፣ ለእሷ ግን ሊገድላት የሚችል መርዝ ነው። ቀይና ጣፋጭ ሽፋን ያለው ከሆነ ከረሜላ ይመስላታል። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ሕይወትን ያሰጋል፤ ለ12 ኪሎ ሕፃን 12 ፍሬ ገደማ ማለት ነው፣ ከዚያ ያነሰውም ያሳምማታል። ከቦርሳዎና ከአልጋዎ ራስጌ አንስተው በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ፣ በራሱ ማሸጊያ፣ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ከዋጠች ወተት ሰጥተው ወይም አስታውከው አይጠብቁ፤ የቀሩትን ፍሬዎች ቆጥረው ማሸጊያውን ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዷት። ትውከቱና ተቅማጡ ከዋጠች ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ጋብ ብሎ ደህና የሆነች ሊመስልዎ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ብረቱ ጉበቷን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ደህና ብትመስልም ወደ ቤት አይመልሷት።